የጥሩአየሁ ኮሰረት

ቢቸና፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ሞጣ ለሚገኘው ለወንድሜ ለአብዱሰመድ።

ሰላምታዬ ካለሁበት ሆኜ ካለህበት ይድረስህ፤ ባለቤትህን ዘይዳንም ሰላም በልልኝ። ስለ ጤናዬ የጠየቅኸው ደርሶኛል። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጥርሴ ካለቀ ቆየ፤ ከዚህ በቀር በሬ ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ መምህር ኃይለ ሚካኤል ነው። ከደሴ ተመድቦ የመጣ ነው፣ እጁ መልካም ነው። እያሣመርህ እንዳትጽፍ፣ እንደወጣልኝ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ስለ ማኅበሩ የጠየቅኸኝንም ሰምቻለሁ። ነጋዴዎችህ ምን ብለው እንዳወሩልህ አላውቅም፤ ያወሩት ሁሉ ግን ተጨምሮበታል። እውነቱን እኔ እነግርሃለሁ። ለባለቤቴ ለጥሩአየሁ አንዲት ቃል ብታወጣ ግን ወዳጅነታችን እዚያው ላይ ያበቃል። የእሷን ደብዳቤ የምታነብላት አንተ ነህና ይህን ከዚያ ጋር እንዳታደባልቅ።

እንደምታውቀው ጥሩአየሁ ለልጃችን ለይርጋነሽ ወሊድ ሞጣ ከሄደች ወር አለፋት። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ደግሞ ተራው የእኔ ነበር። ጎረቤታችን ፋንታነሽ ጠላውን እኔ ልጥመቅልዎ አለችኝ፤ ጥመቂ አልኳት። ጋኑን ግን እኔ አጥባለሁ አልኩ።

«ኧረ አያ ጓዴ፣ ይኸ የወንድ ሥራ አይደለም» አለች።

«የድንበር ክርክር የረታሁ ሰው ጋን ማጠብ ያቅተኛል?» አልኳት።

ጋን በግራዋና በከሴ ካልታሸ ጠረኑ አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር። ግራዋውን ከአጥሩ ቆረጥሁ። ከጓዳው ኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ደግሞ ያቺ የምትሸተዋ ቅጠል አለች፤ አርባ ዓመት ስትበቅል አያታለሁ፣ ከሴ ናት እያልሁ አልፋታለሁ። ከነሥሯ ነቀልኋት። ጋኑን ውስጡን እስኪያበራ አሸሁት። እጣቢውንም ጭራሮውንም አጥሩ ጥግ ደፋሁትና እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

ከሴ አይደለችም። ኮሰረት ናት። ሲያይዋቸው መንትያ ናቸው፤ ከሴ ግን የጫካ ነው፣ ዕቃ ይታጠብበታል። ኮሰረት ቅቤ ይነጠርባታል።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ያ ምላሰኛ ሣህለ ማርያም የመጀመሪያውን ዋንጫ ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። «ጓዴ» አለኝ፣ «ዛሬ ዓርብ መሆኑን ታውቃለህ?» «አውቃለሁ» አልኩት። «ታዲያ ምነው ቅቤ አጠጣኸን?» አለ። የነፍስ አባቴ ዋንጫውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ልጄ፣ ጾም ያስፈታ ይሆን?» አሉ። ቤቱ በሣቅ ተናደ። ጋኑን ግን ጨርሰው ነው የሄዱ፤ ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

ነገሩ የማኅበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍልህም ነበር። ያቺን ኮሰረት የጥሩአየሁ እናት ከጫካ ጥላ ሥር አንሥተው ጓሯቸው ያለመዷት ናት። ጥሩአየሁ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ቆርጣ ይዛት መጣች። እናቷ አርፈዋል፤ የሞጣው ቤት ተሸጧል፤ ጓሮው ታርሶ ገብስ ተዘርቶበታል። ከዚያ ዘር የቀረችው አንዲት ናት፤ እሷም ዘይዳ በልጅነቷ ከጥሩአየሁ እናት ወስዳ የተከለቻት፣ በአንተ ጓሮ ያለችው።

ስለዚህ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጠህ ላክልኝ። ዘይዳ እንዳታውቅ። ዘይዳ አወቀች ማለት ጥሩአየሁ አወቀች ማለት ነው። ጥሩአየሁ የምትመለሰው ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ነው። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን አለኝ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት እንድትወለድ ተስያለሁ። ለሚካኤል ጃንጥላ።

ጓዴ ይግዛው፤ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ፈርሜያለሁ።


ሞጣ፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ጓዴ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደኅና ነን። አስቀድሜ የምሥራቹን ልንገርዎ፤ ይርጋነሽ ትናንት በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ጃንጥላውን ያዘጋጁ። ክርስትናዋ የካቲት ፲፬ ነው ብለዋል።

ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ። አያ ጓዴ፣ ሠላሳ ዓመት ጨው ስሸጥ አንድ ቀን በሚዛን አልተጣላሁም፤ በዚህ ሳምንት በገዛ ጓሮዬ ሌባ ሆንኩ። ዘይዳ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ስትመለስ ገና በሩ ላይ ሆና አየችው። «ማነው ኮሰረቴን የነካ?» ብላ ጮኸች። ፍየላችን አጠገቤ ቆማ ታመሰኳለች። ወላሂ እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ዘይዳ ራሷ ፈረደች። ይኸው ፍየሏ ታስራ ትውላለች። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች።

ቅርንጫፎቹን ፀሐይ እንዳያገኛቸው ብዬ ከጨው ከረጢቶቹ መካከል ሸጉጬ ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። እቴ ጥሩአየሁ ለአራሷ ቅቤ ልታነጥር ነው፤ ከጓሮዋ ኮሰረት ቆርጠው አድርቀው እንዲልኩላት ትጠይቅዎታለች። «ዘይዳ ጋ አለ አይደለም ወይ?» ብላት «የዘይዳ ሞጣ ተቀምጦ ሰንፏል፤ የእኔን ትቅመስና ትፍረድ» አለች። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማን ይበልጣል ሲሉ እንደኖሩ ያውቃሉ። ምን ልበላት?

ታዛዥዎ አብዱሰመድ ሰይድ።


ቢቸና፣ ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ።

ምን ሆኑ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ የሆንኩት ደስታ ነው። ሴት ናት የሚለውን መምህሩ ሲያነብልኝ እልል አልኩ። ወንድ እልል አይልም ይላሉ፤ እኔ ብያለሁ። ሣህለ ማርያም ወንድ የተወለደ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሴት ናት ስለው ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ ያተኮሰኝ መስሎት። ስሟን ማን አሏት? ሳልጠየቅ እንዳይወጣላት።

ያንተ እጅ ለንግድ እንጂ ለችግኝ አልተፈጠረም። ጨው ሥጋ ያቆያል፤ እርጥብ እንጨት ያቆያል ብሎ ማን ነገረህ? ከረጢቱን ስፈታ ሦስት የሙት አጥንት አገኘሁ። ቢሆንም ተከልኳቸው። ውሃ አጠጣኋቸው። በአራተኛው ቀን አንዱን ነቅዬ ቀመስኩት፤ ለወጥ ይሆናል እንጂ አይበቅልም። እንደገና ላክ፤ በእርጥብ ጨርቅ።

እስከዚያው ባዶው ቦታ እንዳያሳጣኝ ከደብሩ ጫካ ከሴ ነቅዬ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ተክያለሁ። ከሩቅ ሲያዩት እሷው ናት። ፋንታነሽ ጎንበስ ብላ አሸተተችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ሄደች። የሣቀች ይመስለኛል።

ለጥሩአየሁ የምትለው ይህ ነው። ኮሰረት በታኅሣሥ አይቆረጥም፤ ብርዱ ከባድ ነው፣ ሥሯ ይደነግጣል በላት። ደግሞ አትቸኩዪ በላት። ላሞቹ ደኅና ናቸው፣ ገብሱ ተወቅቷል፣ ፋንታነሽ ቤቱን ታያለች። ከክርስትናውም በኋላ ወር ሁለት ወር ብትቆዪ ቅር አይለኝም በላት።

ፍየሏን በተመለከተ፣ ፍየል ስለሆነች ያልሠራችው ኃጢአት የለም። አንተ ዝም በል።

ጓዴ ይግዛው።


ሞጣ፣ ጥር ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ጓዴ።

እንኳን ለልደት አደረሰዎ። ሕፃኗ ስሟን አላገኘችም፤ እርስዎን ትጠብቃለች።

መልእክትዎን ቃል በቃል አደረስኩ፤ ምን አለች ቢሉኝ ግን ባላደረስኩት ይሻል ነበር። እቴ ጥሩአየሁ መጀመሪያ ሣቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ኮሰረት ይሁን ኮሶ ለይተው የማያውቁ ሰውዬ፣ ዛሬ ሥሯ ይደነግጣል ይሉኛል? ለቅሶ ደርሼ አንድ ቀን ባድር 'ቤቱን ለማን ትተሽው ነው?' ብለው ሰው የሚልኩብኝ ሰውዬ፣ ሁለት ወር ቆዪ ይሉኛል? አብዱሰመድ፣ ንገረኝ፤ ወይ ታመዋል፣ ወይ ሴት አስገብተዋል።»

«ሴትስ አይመስለኝም» አልኳት።

«እኔም አይመስለኝም፤ ማን ይችላቸዋል? እንግዲያው ታመዋል» አለችና ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።

ጥምቀትን ውላ በጥር ፳፭ ከነጋዴዎቼ ጋር እመለሳለሁ ብላለች። ይርጋነሽ ታለቅሳለች። አማችዎ ለምኖ አቃተው። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ክርስትና ሳታይ ልትመጣ ነው፤ አልጋ ላይ ወድቀዋል ብላ ልታስታምምዎ።

ስለ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ አይሆንም። ዘይዳ ኮሰረቱን በእሾህ አጥራዋለች። አጥሩንስ ልለፈው፤ ፍየሏ ታስራ ሳለች ኮሰረቱ ደግሞ ቢቆረጥ ቤት ውስጥ የቀረ ተጠርጣሪ ማነው?

እኔ ንገር ቢሉኝ እናገራለሁ፣ ዝም በል ቢሉኝ ዝም እላለሁ። የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት።

አብዱሰመድ ሰይድ።


ቢቸና፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጥሩአየሁ። አብዱሰመድ እንዲያነብልሽ፤ ሲያነብ እንዳይስቅ ንገሪው።

አልታመምኩም። ሴትም አላስገባሁም፤ የት አባቷ ትቀመጣለች? የአንቺ ዕቃ ቤቱን ሞልቶታል። ልብስሽን መልሰሽ ስቀዪ። ክርስትናውን ሳታዪ ብትመጪ በር አልከፍትልሽም።

ምን ሆኑ ላልሽኝ፣ ኮሰረትሽን ነቀልኋት። ለኅዳር ሚካኤል ጋን አጠብኩባት። ከሴ መስላኝ ነው። ፋንታነሽ ተዉ ብላኝ ነበር፣ አልሰማሁም። አሁን እዚያ ቦታ ያለው ከሴ ነው፤ ላታልልሽ የተከልኩት። አብዱሰመድ ደግሞ ለእኔ ብሎ ከዘይዳ ጓሮ ሰርቋል፤ ፍየሏ ንጹሕ ናት። ይህንንም አንብብ አብዱሰመድ፣ እንዳትዘል።

ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ከእናትሽ ጓሮ ቆርጠሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ በበቅሎ ላይ በእቅፍሽ ይዘሻት መጣሽ። መንገድ ላይ ውሃ ስናገኝ አንቺ ሳትጠጪ ጨርቁን ታረጥቢ ነበር። እኔ ተናድጄ ነበር። ባሏን ሳታይ ቅጠል የምታይ ምን ዓይነት ሙሽራ ናት ብዬ። አልነገርኩሽም። ስታለቅሺም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ከእናትሽ ቤት ያመጣሽው እሷን ብቻ እንደሆነ የገባኝ ባዶውን ጉድጓድ ሳይ ነው። ዘግይቷል፤ አውቃለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ «ይቅርታ የሚለውን ልጨምር?» አለኝ። ይህን ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ዳኛ ፊት ቆሜ እንኳ አልተናገርኩም። ትንሽ አሰብኩ። ጨምር አልኩት።

ይቅርታ።

ላሞቹ እውነት ደኅና ናቸው። ቤቱ ግን ሰፍቷል።

ጓዴ ይግዛው።


ቢቸና፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለአብዱሰመድ፤ በጥድፊያ።

ትናንት በነጋዴዎችህ የላክሁትን ደብዳቤ አትስጣት! ይህን የሚያመጣው ሰው በፈጣን በቅሎ ነው የሄደው፤ ጉንደ ወይን ላይ ይደርስባቸዋል ብዬ ተስፋ አለኝ። ካልደረሰባቸው፣ ወረቀቱን ተቀብለህ ስለ ላሞቹ ብቻ አንብብላት። ስለ ላሞቹ ብዙ ጨምርበት።

የሆነውን ስማ። ዛሬ ጠዋት አጥሩን ልጠግን ጥጉ ላይ ጎንበስ አልኩ። በኅዳር የጋኑን እጣቢና ያሸሁበትን ጭራሮ የደፋሁበት ቦታ ነው። ፋንታነሽም ከዚያ ወዲህ የዕቃ እጣቢ በየቀኑ እዚያው ስትደፋ ኖራለች። ከግራዋው ጥላ ሥር፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ፣ ሦስት ቦታ አቆጥቁጦ አየሁ። ቅጠሉን በጣቴ አሸሁት። አፍንጫዬን ስላላመንኩት ሣህለ ማርያምን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አሸተተና ሳያመነታ «ይኸማ የኅዳር ሚካኤል ጠላ ነው!» አለ።

ኮሰረት ናት! አልሞተችም! ሥሯን ብነቅላት፣ ጋን ባጥብባት፣ ብጥላት፣ እሷ እዚያ ሆና አዲስ ሥር ስታበጅ ነበር። እኔ ደግሞ ትናንት ያንን ሁሉ ጉድ በወረቀት አስፍሬ ልኬያለሁ። ሁለት ቀን ብታገስ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር፤ ወረቀት ከአፍ ይብሳል።

በተለይ ያቺን መምህሩ የጨመራትን ቃል እንዳታነብ።

ጓዴ።


ሞጣ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ጓዴ።

በቅሎው ፈጣን ነበር፤ ደብዳቤዎ ግን ቀደመው። አንብበሃል ወይ ቢሉኝ፣ ሦስት ጊዜ አንብቤያለሁ። አንዴ ለእቴ ጥሩአየሁ፣ አንዴ ለዘይዳ፣ አንዴ ለይርጋነሽና ለጎረቤቱ ሁሉ። አልሣቅሁም፤ እኔ የሣቅሁት ሁለተኛው ሲደርሰኝ ነው። ፍየሏ ተፈትታለች። በእሷ ፈንታ እኔ ልታሰር ትንሽ ነው የቀረኝ።

ከዚህ በታች ያለው የእቴ ጥሩአየሁ ቃል ነው፤ እንደተናገረችው ጽፌዋለሁ።

«ለባለቤቴ ለጓዴ። እንደምን ከረሙልኝ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ልብሴንም ሰቅያለሁ።

ቢቸና ውስጥ በዓርብ ቀን ቅቤ የሚሸት ጠላ ያጠጣ ሰው አለ የሚል ወሬ በታኅሣሥ ከጉንደ ወይን ገበያ እዚህ ደርሶ ነበር። ከዘይዳ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሣቅን። የማን ባል ይሆን ይኸ ሞኝ? ሚስቱስ የት ሄዳ ነው? ስል ነበር። አሁን አገኘኋት።

ስለ ሙሽርነቴ መንገድ ያሉኝን ሰምቻለሁ። ተናድደው እንደነበር አውቄ ነበር፤ ጆሮዎ ቀልቶ ነበር። ለዚህ አሁን ብዙ አልናገርም፤ የምለውን ሁሉ አብዱሰመድ ይጽፈዋልና።

ሁለተኛውን ደብዳቤም አንብቦልኛል። ያቺን ቃል እንዲመልሱ አልፈቅድም። የተሰጠ ነገር ነው።

ለክርስትናው ይምጡ። ባዶ እጅዎን አይምጡ። ከሦስቱ አንዷን ከነአፈሯ ቆፍረው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በበቅሎ ላይ በእቅፍዎ ይዘው ያምጡልኝ፤ ለይርጋነሽ ጓሮ ናት። ጨው አጠገብ እንዳይደርስ። መንገድ ላይ ውሃ ሲያገኙ መጀመሪያ ማን እንደሚጠጣ ያውቁታል። ጥሩአየሁ።»

ጸሐፊው አብዱሰመድ።


ቢቸና፣ መጋቢት ፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ።

በሰላም ገብተናል። ጥሩአየሁ ከበቅሎ እንደወረደች ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ «እዚያው ትቀመጥ፤ ቦታዋን ራሷ መርጣለች» አለች። ከሴውን ነቅላ ጋን ማጠቢያ አደረገችው።

መንገዱን እንዴት ቻሉት ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ስሄድ ነው ጉዱ። ያቺን ቅጠል እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ጉንደ ወይን ገበያ መሐል ሳልፍ አንዷ ሴትዮ «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። «አርባ ዓመቷ ነው» አልኳት። ወንዝ ባገኘሁ ቁጥር ጨርቁን አስቀድሜ አረጠብኩ። ማንም አላየኝም፤ ግን አድርጌዋለሁ። ዘይዳ በይርጋነሽ ጓሮ ችግኟን አፈር ማልበሷንም አንተ አይተሃል። የማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ግን አላለቀም፤ እኔ በዚያ አልገባም።

አሁን ዋናውን ላምጣው። ጥሩአየሁ ያንን ደብዳቤዬን በሙዳይዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር መምህሩን ታስጠራና ታስነብበዋለች። ሣህለ ማርያም ያቺን ቃል ሁለቴ አስደገማት፤ ጆሮዬ ከበድ ብሏል ብሎ። ጆሮው እንደ ጥንቸል ነው።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሙዳዩን ከፈትኩ። አብዱሰመድ ከዘይዳ ከሰረቀ እኔ ከጥሩአየሁ ብሰርቅ ምናለ አልኩ። ውስጡ ወረቀት ሞልቷል። የግብር ደረሰኝ አለ፣ የድንበር ክርክሩ ፍርድ አለ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም በቀለም ተጭሯል። የቱ የእኔ ነው? ደረሰኙን በስሕተት ባቃጥል ግብር ሰብሳቢው ፊት ዳግመኛ እቆማለሁ። መምህሩን ጠርቼ «ለይልኝ» ልለው አሰብኩ፤ እንዳያሳጣኝ ተውኩት። ይኸው አሁን ሲጽፈው ሰማ፤ ይስማ።

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋቸው። ፍርዱ ጢስ ጢስ ይላል። ደረሰኙ ምንም አይልም። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ገለጥኩት፤ በእጥፋቱ መሐል አንዲት ደረቅ ቅጠል አስቀምጣበታለች። ሣህለ ማርያምን አልጠራሁም። ፋንታነሽንም አልጠራሁም። ኮሰረት እንደሆነች እኔው አወቅሁ።

ይዤው ብዙ ቆየሁ። እሳቱም አጠገቤ ነበር። ከዚያ እንደነበረ አጠፍኩት፣ ቅጠሏንም እንደነበረች መለስኳት፣ ሙዳዩንም ከደንኩት። ስትመለስ አየችኝና «ምን ሆኖ ነው ፊትዎ?» አለችኝ። ጉልበቴ ነው አልኳት።

ይህን ደብዳቤ ግን እንዳነበብከው አቃጥለው። አንዱ ይበቃታል።

ጓዴ ይግዛው።